ወይኖና ቦቃ

የጠዋቱን ሰማይም የጥልቅ ባሕርንም መልክ እኛ «ሰማያዊ» ብለን በአንድ ስም እንጠራዋለን። ሩስያዊ ግን እንዲህ አይልም። ፈካ ያለው «ጎሉቦይ»፣ ጠቆር ያለው «ሲኒይ» ነው። ሁለቱ ለእርሱ ራሳቸውን የቻሉ ቀለሞች ናቸው።

ይህ የስም ልዩነት ብቻ ነውን? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ነገሩን ፈትኖታል። ለሩስያኛና ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሦስት ሰማያዊ ካሬዎች ቀረቡላቸው፤ ከታች ካሉት ሁለቱ የላይኛውን የሚመስለውን እንዲለዩ ተጠየቁ። የታችኞቹ ቀለሞች በሩስያኛ የተለያየ ስም ሲኖራቸው ሩስያኛ ተናጋሪዎቹ ፈጥነው ለዩ፤ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ላይ ግን ይህ ብልጫ አልታየም። ከሁሉ የሚደንቀኝ ቀጣዩ ነው፤ ቁጥሮችን በልባቸው እያነበነቡ እንዲለዩ ሲታዘዙ ሩስያኛ ተናጋሪዎቹም ያን ብልጫ አጡት። ቃል በሌላ ሥራ ሲጠመድ ዐይን አጋዡን አጣ ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «ቃል የሌለው አያይም» ማለት ግን ስሕተት ይመስለኛል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹም ቀለሞቹን ለይተዋል። ቋንቋ ዐይን አይሰጥም፤ «እዚህ ላይ ልብ በል» ይላል እንጂ።

እኔ ይህን የተማርኩት ከጥናቱ በፊት፣ በአያቴ በረት ደጃፍ ነው። ለክረምት ከከተማ የሄድኩ ልጅ ነበርኩ፤ ከብቶቹም ለእኔ ቀይ፣ ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበሩ። አንድ ምሽት አንድ ወይፈን ጎደለ። አያቴ የትኛው እንደሆነ ቢጠይቁኝ «ቀዩ» አልኳቸው።

«ቀይማ ሞልቷል፤ ወይኖው ነው ወይስ ግንባረ ነጩ ቦቃው?»

ዝም አልኩ። ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ሲግጥ የዋለውን ወይፈን አላስተዋልኩትም ነበር። እኩያዬ የሆነው እረኛ ግን ገና ከበሩ ሳይደርስ «ቦቃው የለም!» ሲል ጮኸ።

ዛሬ ልጆቼ ሁሉንም «ቡናማ» ይሏቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ወይኖና ቦቃን ከአፌ ሰምተው አያውቁምና። ቃላቱ በመዝገበ ቃላት ተጽፈው ይገኙ ይሆናል፤ መዝገበ ቃላት ግን ከብት አይጠብቅም። ቃሉን ሕያው የሚያደርገው አፍ ነው፤ ከአፍ ከራቀም ገጣሚውና ደራሲው ናቸው። ስለዚህ ብዕር የጨበጣችሁ ሁሉ፣ «ቀይ በሬ» ብላችሁ ከማለፋችሁ በፊት አንዴ ቆም በሉ። የትኛው ቀይ?