ቀለሙ ለዓይን፤ ዕዳው ለሆድ

«ነገር በዓይን ይገባል» ይላል ያገራችን ሰው፤ ምግብም እንደዚሁ አስቀድሞ የሚገባው በዓይን ነው። በልደታ ሠፈር ተማሪ ቤት በሚለቀቅበት ሰዓት ቆም ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ከረሜላ የላሱ ሕፃናት ምላሳቸው ቀልቶ ወደየቤታቸው ሲያመሩ ያያል። በምላስ ላይ የቀረው ቀለም በውሃ ይለቃል፤ ወደ ሆድ የወረደውስ ምን ይሠራል? ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ይህንኑ ነው።

ሰው ሠራሽ ቀለም ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1856 ዓ.ም. ነው። ዊልያም ፐርኪን የተባለው እንግሊዛዊ ወጣት የወባ መድኃኒት ለመሥራት ሲደክም፣ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ያ ቀለም የልብስ ማቅለሚያ ነበረ፤ ከዚያ ወዲህ ግን የዚሁ ዓይነት ቀለሞች ወደ ማዕድም ገቡ።

ዛሬ ከነዚህ እጅግ ከተለመዱት አንዱ «አሉራ ሬድ» የሚባለው ቀይ ቀለም ነው። በካናዳ አገር የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ይህን ቀለም ለ12 ሳምንት አይጦችን እየመገቡ ከመረመሩ በኋላ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. ገለጡ። ዘወትር የተመገቡት አይጦች በአንጀታቸው ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በዛ፤ የአንጀታቸውም ሽፋን የመከላከል ኃይሉ ደከመ፤ የአንጀት ቁስለት በተነሣባቸው ጊዜም ሕመሙ ጠናባቸው። አልፎ አልፎ ብቻ በቀመሱት ላይ ግን ይህ አልታየም። በጨቅላነታቸው የተመገቡት ደግሞ ኋላ ለሕመሙ ይበልጥ የተጋለጡ ሆኑ።

እርግጥ አይጥ ሰው አይደለም፤ በሰው ላይ ነገሩ ገና አልተረጋገጠም። ቀለሙም በልክ ከሆነ የተፈቀደ ነው፤ ልኩም በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 7 ሚሊግራም ሲሆን፣ 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 140 ሚሊግራም ይደርሳል። ነገር ግን ከረሜላውንና ለስላሳውን እየደመረ የሚመዝንለት ማን ነው?

ስለዚህ በዓመት በዓል ቀን የተላሰ ከረሜላ አያስፈራንም፤ የሚያሳስበን ዕለት ዕለት የሚገዛውና ገና ባልጠና የሕፃን ሆድ ውስጥ የሚገባው ነው። ግንቦት 1 ቀን ለልደታ የሚቀቀለው ንፍሮ የእህሉን መልክ እንደያዘ ይበላል፤ አልጫችንም ብጫነቱን የሚያገኘው ከእርድ ነው። ምግባችን የራሱ ቀለም አላጣም።

እናንተ ተማሪዎች፣ ለታናናሾቻችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የማሸጊያውን ጽሑፍ አንብቡ፤ አሉራ ሬድ «ኢ 129»፣ ብጫው ታርትራዚን «ኢ 102» ተብለው ይጻፋሉ። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ተዉት። እናንተም ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከወጣ ቆይቷል፤ አዋጅ ግን ሆድን የሚጠብቀው ከመዝገብ ቤት ወጥቶ እስከ ሱቁ መደርደሪያ ድረስ ሲሄድ ነው። ሕፃኑ በዓይኑ ይመርጣል፤ በልቡናችን ልንመርጥለት የሚገባን እኛ ነን።