የእናቴ ፕሬዠር ኩከርና የ121 ዲግሪ ነገር

ባለፈው ክረምት በእናቴ ፕሬዠር ኩከር በሦስት ዙር 12 ጠርሙስ ማሽላ ቀቀልኩ። «ቀቀልኩ» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ያኔ ለሰው የማወራው «አመከንኩ» እያልኩ ነበር። ሐሳቤ ለኦይስተር እንጉዳይ የሚሆን ዘር እቤት ማዘጋጀት ነው። ሳምንት ሳይሞላ ከ12ቱ 8ቱ ተበላሹ። ገሚሱ አረንጓዴ ሻጋታ ለበሰ፣ ገሚሱ ውኃ አዝሎ እንደ ከረመ ቡኮ መሽተት ጀመረ። እናቴ አንዱን ከፍታ ካሸተተች በኋላ፣ «አንተ ልጅ፣ ኮሌጅ የሚያስተምሩህ ይሄን ነው?» አለችኝ። ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። አሁን አለኝ፤ ጥያቄዋ ደግሞ እኔን ብቻ ሳይሆን ዲፓርትመንታችንንም የሚመለከት ሆኖ አገኘሁት።

ውድ አንባብያን፣ «121 ዲግሪ፣ 15 ፒኤስአይ፣ 15 ደቂቃ» የምትለዋን የማያውቅ የባዮሎጂ ተማሪ አለ? እንደ ዳዊት እኮ ነው የምንደግማት። ለፈተና ትመጣለች፣ እንጽፋታለን፣ ነጥባችንን እንወስዳለን። ቁጥሯ የት ቦታ ላይ እንደምትሠራ ግን ስንጠይቅ አልሰማሁም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነገሩ እንዲህ ነው። ክዳኑ ላይ የምትቀመጠውና የምታፏጨው ክብደት የምትቆጣጠረው ጠቅላላውን ግፊት ሳይሆን በድስቱ ውስጥና በውጭው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ባሕር ጠለል ላይ የውጭው ግፊት 101 ኪሎፓስካል ገደማ ነው። 15 ፒኤስአይ፣ ማለትም 103 ኪሎፓስካል ሲጨመርበት 204 ይሆናል፤ በዚህ ግፊት እንፋሎት 121 ዲግሪ ይደርሳል። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ናት። የውጭው ግፊት ወደ 77 ኪሎፓስካል ይወርዳል፣ በክፍት ድስት ውኃ በ92 ዲግሪ ይፈላል። ያው 103 ቢጨመር 180 ብቻ ነው የሚመጣው። ይህ ደግሞ 117 ዲግሪ ነው። ፉጨቱ እኩል ነው፤ ሙቀቱ ግን እኩል አይደለም።

«ለ4 ዲግሪ ይሄ ሁሉ ጫጫታ?» የሚል አይጠፋም። ሙቀትን እጅግ የሚቋቋሙት የባክቴሪያ ስፖሮች፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ ለመሞት 10 እጥፍ ያህል ጊዜ ይፈጅባቸዋል። በ4 ዲግሪ ሲሰላ 2 ተኩል እጥፍ ይመጣል። 15 ደቂቃዋ 38 ሆነች ማለት ነው፤ ያውም የማሽላው መሀል 117 ከደረሰ በኋላ የሚቆጠር! ብዙ የቤት ፕሬዠር ኩከሮች ደግሞ 15 ፒኤስአይም አይደርሱም። 80 ኪሎፓስካል የሚሰጥ ከሆነ እዚህ ከተማ ከ113 ዲግሪ ብዙም አያልፍም፤ ጊዜውም ከ6 እጥፍ በላይ ይረዝማል። እኔ ያን ጊዜ የሰጠሁት 45 ደቂቃ ነበር። አሁን 2 ሰዓት ተኩል እሰጠዋለሁ።

እዚህ ላይ ከጓደኞቼ ጋር የምንጨቃጨቅበት ሌላ ነገር አለ። አንዳንዱ ጭዱንም ጭምር በፕሬዠር ካላመከንኩ ይላል። አልስማማም። ዘር የሚዘጋጅበት ማሽላ ምግብ የሞላው ነው፤ አንድ የባሲለስ ስፖር ቢተርፍ ድግስ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማምከን ግድ ነው። ኦይስተር የሚያፈራበት የጤፍ ወይም የስንዴ ጭድ ግን ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ባለው ሙቅ ውኃ አንድ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ይበቃዋል። ለዚህ በርሜልና እሳት በቂ ነው። ከሙቀቱ የተረፉት ጉዳት የሌላቸው ተሕዋስያን ቦታውን ይዘው ሻጋታን ይሻሙታል። ጨርሶ የመከነ ጭድ ግን ባለቤት እንደሌለው ቤት ነው፤ ቀድሞ የገባ ይወርሰዋል።

ወደ ማሽላው ልመለስ። ከጊዜው ሌላ ያጠፋሁት ጥፋት ክብደቷን ቶሎ ማስቀመጤ ነው። ድስቱ ውስጥ አየር ከቀረ ግፊቱ ይሞላል እንጂ ሙቀቱ አይሞላም፤ ስለዚህ እንፋሎቱ መጀመሪያ ሳይቆራረጥ 10 ደቂቃ ያህል መውጣት አለበት። ማሽላውንም እርጥቡን ነበር የሞላሁት፤ የቡኮው ሽታ ከዚያም የመጣ ነው። አሁን አዳሩን እዘፈዝፈዋለሁ (የተኛ ስፖር በእርጥበት ሲነቃ በቀላሉ ይሞታል)፣ ሳይፈነዳ ለዘብ እስኪል እቀቅለዋለሁ፣ ከዚያ ላዩ እስኪደርቅ አሰጣዋለሁ። ጥቂት ጀሶ ከተቀላቀለበት አይያያዝም። ጠርሙሱ ሁለት ሦስተኛው ድረስ ይሞላል፣ ክዳኑ ተበስቶ ጥጥ ይወተፍበታል፣ ከላይ ፎይል። ከሥር የድስቱን ወለል እንዳይነካ ማስቀመጫ ይደረግለታል። ማፏጨት ሲጀምር እሳቱ ይቀነሳል፤ ያለበለዚያ ውኃው ከሰዓቱ ቀድሞ ያልቃል። ከጠፋ በኋላ ደግሞ ማንም እንዳይነካው! ሲቀዘቅዝ ጠርሙሱ አየር ወደ ውስጥ ይስባል፤ የወጥ ቤት አየር ምን እንደሚይዝ ደግሞ የታወቀ ነው። እዚያው ይደር።

አንድ መምህራችን «የወጥ ቤት ዕቃ የላብራቶሪ ዕቃ አይደለም» ብለውኛል። ግማሹን እቀበላለሁ። ጎማው ባረጀ ድስት መሥራት አደጋ ነው፤ ልቅ ጭድ ወይም ገለባ የእንፋሎት መውጫውን ከደፈነው ደግሞ ፈንጂ ነው። በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ያለበትን ፔትሪ ዲሽ ወጥ በሚሠራበት ዕቃ ማምከንም ነውር ነው። ግን እኮ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው። ዴኒስ ፓፓን እ.ኤ.አ. በ1679 የሠራው አጥንት ማለስለሻ ድስት ነበር፤ ሻርል ሻምበርላን አውቶክሌቭን የሠራው ከዚያ 200 ዓመት ቆይቶ በ1879 ነው።

የኛ አውቶክሌቭ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «መሣሪያ የለም» ይባላል፣ የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ይቀየራል፣ ሰውም ሙከራ ሳይነካ መጠይቅ በትኖ ይመረቃል። በእኔ እምነት ሦስት ፕሬዠር ኩከር ተገዝቶ የማይክሮባዮሎጂ ላብ አንዱ ልምምድ በእነሱ ቢሆን ይሻላል፤ ተማሪው የቆመበትን ከፍታ ይዞ ዲግሪውንና ደቂቃውን ራሱ ያስላ። ነገ ደብረ ብርሃን ለማስተማር የሚመደበው ልጅ ከአዲስ አበባም ከፍ ብሎ ነው የሚሠራው፤ ድሬዳዋ የሚወርደው ደግሞ ሌላ ቁጥር ያገኛል። 121ን የሸመደደ ሁለቱም ቦታ ይሳሳታል።

ሁለተኛውን 12 ጠርሙስ በዚህ መንገድ ሠራሁት። 10ሩ በነጭ ማይሲልየም ተሸፈኑ። የተበላሹት ሁለቱ፣ ዓርብ ማታ እናቴ ምስር ልትቀቅል ድስቷን ስለፈለገችው ሳይቀዘቅዙ ካወጣኋቸው ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው እንጉዳይ ሲደርስ ግን በሽንኩርት ጠብሳ በላችው፤ «የጅብ ጥላ እንዳይሆን ብቻ» እያለች።