የመርከብ መሐንዲሱና የዛለው ክንድ

ሄርማኖ ኢጎ ክሬብስ በብራዚል የመርከብ ምህንድስና ተምረው ሳለ በስትሮክ የዛለ ክንድ ወደሚያለማምድ ሮቦት መሻገራቸው ብዙዎችን ያስደንቃል። እኛን ይበልጥ የሚማርከን ግን ሌላ ነው። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከኔቪል ሆጋን ጋር የሠሩት ይህ ሮቦት ሕመምተኛው ክንዱን ማንቀሳቀስ ሲችል አይጫነውም፤ ሲያቅተው ይደግፈዋል። ሁለቱ ሮቦቱን የሚሸጥ ኩባንያም መሥርተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና በብሪታንያ 770 ሕሙማንን ያሳተፈው ጥናት ግን ሮቦቱ ከተለመደው ሕክምና የላቀ የክንድ አገልግሎት እንዳላስገኘ አመለከተ። ከጥናቱ ጸሐፊዎች አንዱ ራሳቸው ክሬብስ ናቸው! የብዙ ዓመት ድካምን፣ ያውም ገበያ የወጣን፣ በእንዲህ ያለ ሚዛን ላይ ማኖር ቀላል አይደለም። እኛ ይህን ውድቀት አንለውም። ለሮቦት የሚበቃ ገንዘብ የሌለው የአገራችን ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት መቅጠሩን የድህነት ምርጫ አድርጎ እንዳይቆጥር የሚያግዘው እንዲህ ያለው ሐቀኛ ልኬት ነው።