ለጎብኚ የተሰቀለ ትምህርት

በብዙ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን «የትምህርት ማበልጸጊያ ማዕከል» የሚባል ክፍል አለ። አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ሲከፈት ግድግዳው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም በተሳሉ ሥዕሎች ተሸፍኗል፤ የምግብ መፍጫ አካላት፣ የኢትዮጵያ ካርታ፣ የማባዣ ሰንጠረዥ። ጠረጴዛው ላይ የካርቶን ሰዓት አለ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ በሩ ይከፈታል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ቅጹ ላይ ምልክት ይደረጋል። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆች የሰዓቷን ዘንግ እንዳያዞሩ ተከልክለዋል፤ ትገነጠላለች ተብሎ ይፈራል።

ይህንን ነው እንግዲህ በየሪፖርቱ «ተማሪ ተኮር» እና «በተግባር የተደገፈ» እያልን የምናሞግሰው። የመርጃ መሣሪያ እጥረት አለብን ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ የማየው ግን ለአዋቂ ዓይን የተሠራ መሣሪያ መብዛቱን ነው።

ለምሳሌ ደብረ ዘይትን ላንሳ፤ የማነሳው የመተከሉን ነው፣ የወምበራ ወረዳ ከተማን። (ስሙ ሲጠራ ሰው ሁሉ ቢሾፍቱን ያስባል።) በመተከል ሺናሻው፣ ጉሙዙ፣ ኦሮሞው፣ አገውና አማራው አብረው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም አንድ ክፍል ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር፤ መተከል ባለበት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልልም በርታኛ፣ ጉሙዝኛና ሺናሽኛ የትምህርት ቋንቋ እንዲሆኑ ተሠርቷል። ያም ሆኖ አማርኛን ገና ክፍል ውስጥ የሚለማመድ ሕፃን ዛሬም አለ። በ2002 ዓ.ም. ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ጨምሮ በስምንት ክልሎችና ከተሞች የተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከመቶ 34 ያህሉ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳየ። በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ምዘናው የተሰጠው በአማርኛ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ፊት የተሰቀለ ሥዕል፣ ከሥሩ ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ ምን ሊነግረው ነው?

የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ እንውሰድ፤ 34 ሲቀነስ 8። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጽፋል፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይቀበላሉ፦ «ከአራት ላይ ስምንት አይቀነስም፣ ከአሥር ቤት አንድ እንበደራለን»። ሦስቱ ይሰረዝና ሁለት ይሆናል፣ ከአራቱ ጎን አንዲት ቁጥር ትጻፋለች። 26 ይወጣል። ደብተሩ ይታረማል፣ ልክ ነው። በዓመቱ 304 ሲቀነስ 8 ሲመጣ ግን ያው ልጅ ዜሮው ላይ ይደናገራል፤ የተበደረው ከየት መጥቶ የት እንደገባ በእጁ ይዞ አላየውማ።

አሁን የቀርከሃ ስንጣሪ በጣት ርዝመት ተቆርጦ፣ አሥር አሥሩ በልጥ ታስሮ ይሰጠው። ፊቱ ሦስት እስርና አራት ነጠላ አለ። ስምንት አንሳ ሲባል አራቱን ያነሳና ይቆማል። ወደ መምህሩ ያያል። መምህሩ ብልህ ከሆነ ዝም ይላል። ጎኑ ያለችው ልጅ ቀድማ ልጡን ትፈታለች፣ እሱም ይፈታል፣ አሥሩ ጠረጴዛው ላይ ይበተናሉ፣ ከእነሱ አራት ያነሳል። ሁለት እስርና ስድስት ነጠላ ቀረ። ይህን ለማድረግ አማርኛ ማወቅ አላስፈለገውም፤ መምህሩም ማን እንደገባውና ማን ከጎረቤቱ እንደገለበጠ በዓይኑ አይቷል። ክልሉ በቆላ ቀርከሃ ሀብቱ በአገር የታወቀ ነው። አባከስ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ምክንያት አይገባኝም።

እንጨት ማደል ብቻውን ተአምር አይሠራም። ልጆቹ በእንጨቱ ሰይፍ ሊማዘዙበት ይችላሉ፤ መምህሩ የሚጠይቀውን ካላወቀ ክፍሉ ገበያ ይሆናል። ይህን የሚፈሩ መምህራን ፍርሃታቸው እውነት ነው፣ በተለይ በአንድ ክፍል ሃምሳ ተማሪ የሚለው የአገሪቱ መስፈርት በተጣሰበት ቦታ። ስንጣሪውን ቆርጠው የሚያመጡት ግን ራሳቸው ልጆቹ ቢሆኑስ? ግማሹ ክፍል ሲጽፍ ግማሹ ዛፍ ሥር ቢቆጥርስ? የሱፐርቫይዘሩ ቅጽ ግን ይህን አይጠይቅም። የዕለት ትምህርት ዕቅዱ «የተማሪው ተግባር» የሚል ዓምድ አለው፤ በየቀኑ የሚሞላውን አብዛኛው መምህር በቃሉ ያውቀዋል፦ «ያዳምጣሉ፣ ማስታወሻ ይይዛሉ፣ ጥያቄ ይመልሳሉ»። ዕቅዱ ይፈረምበታል። እኔ ሱፐርቫይዘር ብሆን ዓምዱን ትቼ አንድ ልጅ ከኋላ ወንበር እጠራና ስንጣሪውን እሰጠው ነበር።

«ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል በደረሰው ግጭት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ ሕዝብ ተፈናቅሎ፣ አንተ ስለ ስንጣሪ ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። አዎ፣ አወራለሁ። የተዘረፈ ትምህርት ቤት ሲታደስ መጀመሪያ የሚመለስለት ጠመኔና ሰሌዳ ነው፤ ልጁ ግን ወራት ከትምህርት ርቆ ስለመጣ፣ ከመጽሐፉ ገጽ ላይ ከመጀመር ይልቅ በእጁ ከሚያውቀው ቢጀምር ይቀለዋል። በእጅ መማር የሀብታም ነው የሚለው ሐሳብ የመጣው ከአዲስ አበባ የግል መዋዕለ ሕፃናት ይመስለኛል፤ «ሞንቴሶሪ» የሚለው ስም እዚያ የክፍያው ከፍታ ማሳያ ሆኗል። ማሪያ ሞንቴሶሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1907 የመጀመሪያውን የሕፃናት ቤት የከፈተችው በሮም የድሆች ሰፈር በሳን ሎሬንሶ፣ ወላጆቻቸው ሥራ ሲውሉ ደረጃ ላይ ለሚንከራተቱ ልጆች ነበር።

ወላጅም ድርሻ አለው። ልጁ ደብተር ሳይሞላ ከመጣ «ዛሬ ተጫውታችሁ ዋላችሁ?» ይላል። ቤት ውስጥ ያው ልጅ ፍየል ቆጥሮ ያስገባል፣ ወላጁ ገበያ ልኮት መልስ አስቆጥሮ ይቀበለዋል፣ አንድም ቀን በወረቀት ጻፍልኝ ብሎት አያውቅም።

ከሁሉም የሚያናድደኝ ግን የሥልጠናው ነገር ነው። በመምህራን ኮሌጆቻችን «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ራሱ በሌክቸር ይሰጣል፤ ዕጩ መምህሩ የተማሪ ተኮር ትምህርትን ጥቅሞች ከሰሌዳ ይገለብጣል፣ ለፈተና ይሸመድዳል፣ ከ1995ቱ የመምህራን ትምህርት ለውጥ ወዲህ የተጠናከረውን የማስተማር ልምምድ (ፕራክቲከም)ም ብዙ ጊዜ በሪፖርት ወረቀት ይጨርሰዋል። ለመተከል መምህር የሚያወጣ ኮሌጅ ግልገል በለስ ላይ አለ። እዚያም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ዕጩው ከመመረቁ በፊት ሃያ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ይቅረቡለትና 34 ሲቀነስ 8ን ያስተምር፤ ሰሌዳውን ይሸፍኑበት፣ ጠመኔውን ይውሰዱበት፣ ማዳበሪያ ላይ የተሳለም ነገር እንዳያስገባ ይፈተሽ።