«የመጀመሪያ ሽጉጥ» ሁለተኛውን ይጠራል

ጥያቄው አሁን አሁን እንደ ሞባይል ምርጫ ቀልሎ ይጠየቃል። «የመጀመሪያዬ ነው፤ ማካሮቭ ይሻለኛል ወይስ የቱርኩ? ከሸሚዝ ሥር የማያስታውቀው የቱ ነው?» ጠያቂዎቹ ሽፍቶች አይደሉም። የእኛው እኩዮች ናቸው፤ ዲግሪ የጫኑ፣ ደመወዝተኞች፣ ቅዳሜ ማታ ኳስ አብረውን የሚያዩ። አንዱ ከጂንካ ወይጦ እየተመላለሰ እርሻ የሚከታተል ባለሙያ ነው፤ ሌላው ቱሪስት ጭኖ ቱርሚ የሚወርድ ሾፌር፤ ሦስተኛው የሠራተኛ ደመወዝ በቦርሳ ይዞ የሚጓዝ ገንዘብ ያዥ። አዲስ አበባ ቁጭ ብለው፣ ከቤታቸው እስከ ታክሲው ድረስ እንኳ በእግራቸው የማይሄዱ፣ ግን የወገባቸው ባዶ መሆን የሚያስጨንቃቸውም አሉበት።

እኛ መልስ አለን፦ የትኛውም አይሻልም። መልሱ አጭር ነው፤ ረጅሙ ምክንያቱ ነው። እስኪ እንነጋገርበት።

ከወይጦ እንጀምር። ወይጦ ከኮንሶ ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በበና ጸማይ ወረዳ የምትገኝ፣ ስሟን ከወንዙ ጋር የምትጋራ ትንሽ ከተማ ናት። መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በቀይ አፈር አድርጎ ጂንካ ይገባል፤ ሌላው በኤርቦሬ በኩል ወደ ቱርሚ ይዘልቃል። በዚህ ቆላ ክላሽ ያነገተ አርብቶ አደር ማየት ብርቅ አይደለም። የከተማው ልጅ ይህን ያይና «ሁሉ በታጠቀበት አገር እኔ ብቻ ባዶ እጄን ልዙር?» ይላል። ሲሰሙት ያሳምናል። ሲያስቡት ግን አይቆምም።

አርብቶ አደሩ ያነገተው ይታያል። ማን እንደያዘው፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው መንደር እንደመጣ አካባቢው ያውቃል። ቢያጠፋ ሽማግሌ ይጠራዋል፤ ዘመዱ ይጠየቅበታል። እናንተ የምትፈልጉት ግን እንዳይታይ ነው። አማርኛችን ነገሩን ቀድሞ ጨርሶታል፤ «ሽጉጥ» የሚለው ቃል «ሸጎጠ» ከሚለው ነው። ጠመንጃ ይነገታል፤ ሽጉጥ ይሸጎጣል። የተሸጎጠን ነገር ሽማግሌ አይጠይቀውም፤ ጎረቤት አይመክረውም። ፍርዱ ሁሉ እያዘነም፣ እየጠጣም፣ እየፈራም በያዘው ሰው እጅ ብቻ ይቀራል። (በነገራችን ላይ ሽጉጥ ለመሸጎጥ ጃኬት ይፈልጋል። በወይጦ ሙቀት ጃኬት ደርቦ የሚሄድ ሰው ምን እንደያዘ ለመገመት ፈታሽ መሆን አያስፈልግም።)

ይህን ስንል የሚታየውን ክላሽ እያሞገስን አይደለም። ለኦሞ ሸለቆ ክላሽ ጥንታዊ ባህል አይደለም፤ ታሪኩ ከእኛ ዕድሜ ብዙም አይበልጥም። ቀድሞ የነበሩት እንደ ምንሽር ያሉ፣ አንድ ሲተኮስ አንድ የሚጎረስላቸው አሮጌ ጠመንጃዎች ነበሩ። በ1970ዎቹ የሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት ክላሹን ወደ ድንበሩ አፈሰሰው። ቀድመው ያገኙት ኛንጋቶሞች ነበሩ። በየካቲት 1979 ዓ.ም. ሙርሲዎችን ሲያጠቁ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ፤ ለረጅም ዓመታት ከሙርሲዎች ጋር የሠራው እንግሊዛዊ አንትሮፖሎጂስት ዴቪድ ተርተን ጽፎታል። ከዚያስ? ሙርሲዎች እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ? ብዙም ሳይቆይ እነሱም ክላሽ ታጠቁ። በዙሪያው ያለውም ሁሉ እንዲሁ። ወተትና ጥሎሽ ይሆን የነበረ ከብት ክላሽና ጥይት ሆነ። በመጨረሻ ማን የበለጠ ደኅና ሆነ? ማንም። ሁሉም በብዙ ወጪ ወደነበረበት ፍርሃት ተመለሰ። ልዩነቱ የሟቹ ቁጥር ብቻ ነው።

እኛ ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ነገር ነው፦ የመጀመሪያ ሽጉጥ ብቻውን አይቀርም። አንተ እንደገዛህ የሰማ የሥራ ባልደረባህ ይገዛል። እሱ እንደያዘ የጠረጠረ ዘራፊ በዱላ መምጣቱን ትቶ ተኩሶ መምጣት ይጀምራል። «ለራሴ ብቻ ነው» የሚባል መሣሪያ የለም።

ቀጥለን ወደ ዕቃው እንምጣ። እስኪ እውነቱን እንነጋገር፤ አብዛኞቻችሁ የምታስቡት በፈቃድ መያዝን አይደለም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን ይከለክላል። የምታስቡት «ሰው አለኝ» የሚለውን ሰው ነው። ያ ሰው ይዞላችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? በአፍሪካ ቀንድ ከሚዘዋወሩት የቱርክ ሥሪቶች ውስጥ ሲጀመር ድምፅ ብቻ እንዲያሰሙ የተሠሩና በኋላ በየጓዳው ጥይት እንዲተኩሱ የተቀየሩ ይገኙባቸዋል። የእነዚህ አካል የእውነተኛ ጥይት ግፊት እንዲችል የተሠራ አይደለም። ጠላት ላይ ያነጣጠራችሁት እጃችሁ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ደህናው ዕቃ ቢደርሳችሁ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለ፤ ከእናንተ በፊት ማንን ገድሏል? ደረሰኝ በሌለው ሽጉጥ አብሮ የሚሸጠው የማታውቁት ሰው ደም ሊሆን ይችላል። በኬላ ላይ ሲያዝባችሁ ለመርማሪው «እኔ ገና የገዛሁት ነኝ» ብላችሁ ማስረዳት ነው።

እሺ፣ ፈቃድ አላችሁ እንበል። ዕቃውም አስተማማኝ ይሁን። መቼ ነው የምትተኩሱት? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 78 ሕጋዊ መከላከልን ይፈቅዳል፤ ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም ሊደርስ የተቃረበ ሲሆን፣ በሌላ መንገድ ማስቀረት ካልተቻለና ምላሹ ተመጣጣኝ ሲሆን ነው። ቀጣዩ አንቀጽ 79 ከመጠን ስላለፈ መከላከል ይናገራል። ቦርሳ ነጥቆ የሚሮጥን ልጅ ከጀርባው የመታ ሰው ራሱን ተከላከለ አይባልም። ሁለት ሰከንድ በማትሞላ ጊዜ ውስጥ፣ በጨለማ፣ ልብህ እየዘለለ፣ ዳኛ ወራት የሚፈጅበትን ጥያቄ መመለስ ትችላለህ? ፊልም ላይ ይቻላል። እዚያ ዳይሬክተር አለ።

አሁን ደግሞ እኛን ሴቶቹን የሚመለከተውን እንናገር። «ለሴት ልጅማ ግድ ነው፤ ራሷን ትጠብቅበት» የሚሉን ወንድሞች አሉ። ስላሰቡልን እናመሰግናለን። ግን ሴትን የሚያሰጋት ሁሌ መንገድ ላይ የሚጠብቃት ባዕድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ቁልፍ ያለው፣ በስሟ የሚጠራት ሰው ነው። ኮሞዲኖ ውስጥ የተሸጎጠ ሽጉጥ በተጣሉ ማታ በማን እጅ እንደሚገባ እንጠይቃችሁ? በቁጥር ካላየን አናምንም ለምትሉ፣ አሜሪካኖቹ ቆጥረውታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ26 ሚሊዮን በላይ ጎልማሶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሏል። የተመለከተው በትክክል የእናንተን ጥያቄ ነው፤ ከዚያ በፊት ሽጉጥ ያልነበራቸውንና የመጀመሪያቸውን የገዙትን። ሽጉጥ ያላቸው ወንዶች ከሌላቸው ይልቅ በጥይት ራሳቸውን የማጥፋት ዕድላቸው 8 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። የሴቶቹ 35 እጥፍ። አደጋው ከሁሉ የበረታውም ሽጉጡ እጃቸው በገባ ሰሞን ነበር። ካሊፎርኒያ ወይጦ አይደለችም፤ እናውቃለን። ተስፋ መቁረጥ ግን እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። ክፉ ሌሊት ያልፋል፤ ሽጉጥ አጠገቡ ካለ ግን ለማለፍ ጊዜ አያገኝም።

«እናንተ በሰላም ተቀምጣችሁ ትጽፋላችሁ፤ መንገዱን የምናውቀው እኛ ነን» የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ይህ ተራ መልስ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በኮንሶና አካባቢው በተነሣ ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በዚያ መንገድ ለእንጀራው የሚመላለስ ሰው ፍርሃቱ የፈጠራ አይደለም። በፍርሃቱ አንቀልድም። የምንጣላው መድኃኒት ነው ተብሎ ከተያዘው ነገር ጋር ነው። መንገድን የሚጠብቀው ጥበቃ ነው። የአንድ ሰው ሽጉጥ በአድፍጦ ተኳሽ ክላሽ ፊት ምን ይሠራል? ብረቱን ለማስረከብ ካልሆነ በቀር!

ስለዚህ ለገንዘብ ያዡ እንዲህ እንላለን፦ ደመወዝ በቦርሳ መጓዙ ይቅር። ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ባንክም አለ። መሥሪያ ቤትህን ሽጉጥ ግዙልኝ ከማለት የክፍያውን መንገድ ቀይሩልኝ በለው። ለሾፌሩ፦ በቀን ተጓዝ፣ ከሌሎች መኪኖች ጋር ተያይዘህ ውረድ፣ የአካባቢውን ሰው ይዘህ ሂድ። ከሽጉጥ ይልቅ በስም የሚያውቅህ አንድ የጸማይ ወይም የሐመር ሽማግሌ ይጠብቅሃል።

ለመንግሥትም የምንለው አለን። ዜጋ ሽጉጥ ምርጫ ውስጥ የሚገባው ፖሊስ የለም ብሎ ሲያምን ነው። ይህ እምነት በፍተሻ ብቻ አይለወጥም፤ በጉልበትማ ጨርሶ። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በሙርሲና በቦዲ አካባቢ በተካሄደው ትጥቅ የማስፈታት ዘመቻ ሰዎች መደብደባቸውን የመብት ተሟጋቾች ዘግበዋል። መሣሪያውን ተደብድቦ የተቀማ ሰው ጎረቤቱ እንደታጠቀ ካየ ሌላ ፍለጋ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ ዋስትና ተሰጥቶት፣ በራሱ ሽማግሌዎች ፊት የሚፈታው ትጥቅ ነው የሚጸናው። መንገዱ ላይ ቋሚ ጥበቃ ይኑር፤ ስልክ ሲደወል የሚደርስ ፖሊስ ይኑር። ግብር የምንከፍለው እኮ ለዚህ ነው!

እናንተም እኩዮቻችን፣ ይህን ጥያቄ ለሽጉጥ ነጋዴ ማቅረቡን ትታችሁ ለወረዳው አቅርቡት፤ በጋራ፣ በጽሑፍ፣ በስማችሁ። ይህ ከወገብ ሥር ብረት ከመሸጎጥ የበለጠ ድፍረት ይጠይቃል። ሽጉጡን የምትገዙት የመጀመሪያችሁ ብላችሁ ነው፤ ሁለተኛውን ጎረቤታችሁ ይገዛዋል፤ ሦስተኛው በማን እጅ እንደሚገባ ግን መምረጥ አትችሉም።