ሁለት ፍሬ

«ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጪኝ።»

ከፊቴ የቆመው ወጣት ጉንፋን ይዞታል። መድኃኒት ሻጯ በሕግ ያለ ማዘዣ የማይሸጠውን መድኃኒት በቁራጭ ወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። እኔም በልቤ ታዘብኩት፤ መታዘብ ለእኛ ለመጻሕፍት ወዳጆች መቼ ይከብደናል! ጉንፋን የቫይረስ ሥራ ነው፤ አሞክሳሲሊን ቫይረስን አይነካም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ንግግሩ ላይ፣ መድኃኒቱ እንደ ሸቀጥ ከሱቅ የሚገዛበት ቀን እንዳይመጣ፣ ከልኩ ያነሰ የሚውጥ ሰውም ተሕዋስያኑን መድኃኒቱን እንዳያለማምዳቸው ሰግቶ ነበር። የፈራው ቀን እነሆ ከፊቴ ቆሟል።

ተራዬ ደረሰ። ለእናቴ ጉልበት ዲክሎፌናክ ጠየቅሁ። እኔም ማዘዣ አልነበረኝም።

ስለዚህ ክርክሬ ከወጣቱ ጋር አይደለም፤ ኪሱ የቻለው ሁለት ፍሬ ነበር። ክርክሬ ከእኛ ጋር ነው፤ መሳቢያችን በክኒን ከተሞላው፣ ከልቦለድ ግርጌ ማስታወሻ አንዲት መስመር ሳናስቀር፣ በመድኃኒቱ ሳጥን ታጥፎ የመጣውን ወረቀት ግን ሳንገልጥ ከምንጥለው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም እንዳያልፍ የተገደበው ጉበትን ስለሚጎዳ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ብዙው የጉንፋን መድኃኒትስ ያንኑ ፓራሲታሞል በሌላ ስም እንደያዘ?

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ነበር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አትቀምስም፤ እኔ ያመጣሁላትን ክኒን ግን ጠዋት ጠዋት ትውጣለች። ጉልበቷ ቀለላት፤ መረቀችኝ። ሰገራዋ እንደ ሬንጅ መጥቆሩን ግን አፍራ ደበቀችኝ። ራሷን ስታ በወደቀች ቀን ሐኪሙ «ማን አዘዘላቸው?» ሲል ጠየቀ። ዝም አልኩ። ክኒኑ ሕመም የሚቀሰቅሰውን ንጥረ ነገር ሲያግድ የጨጓራን ግድግዳ የሚጠብቀውንም አብሮ ያግዳል፤ በደም ዞሮ ስለሚሠራም ምግብ መብላት ብቻውን መከታ እንደማይሆን ያን ዕለት ተማርኩ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እኔ የገዛሁት ራሱ መደበቂያ ነበር።

«አባቶቻችንስ ኮሶ ሲጠጡ ማን አዘዘላቸው?» የሚለኝ አይጠፋም። ደግ ብለሃል፣ ወዳጄ! ኮሶ ግን ይፈራ ነበር። ሲበዛ እንደሚገድል ስለሚታወቅ ይለካል፤ የጠጣ ሰው ከቤት አይወጣም። ምሬቱ ራሱ ዘበኛው ነበር። የዛሬው ክኒን ቀለም ተቀብቶ፣ ጣፋጭ ለብሶ ሲመጣ እንደ ቆሎ እንዘግነዋለን። ሐኪም ቤት ሩቅ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፤ አልክድም። ነገር ግን ከባንኮኒው ማዶ የተማረ ሰው ቆሟል። «ጨጓራ ያማት ይሆን? ዕድሜዋስ?» ብትለኝ ኖሮ ምናልባት ተቆጥቼ ወደ ሌላ ሱቅ እሄድ ነበር። እኛ ደንበኞች እንዲህ ነን፤ የሚጠይቀንን አንወድም።

ወረቀቱን የገለጥኩት እናቴ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ነው። ፊደሉ ደቃቅ ነው፤ ቢሆንም ይነበባል።

ጉልበቷ አሁንም ያማታል። ትናንት ማታ «ያችን መድኃኒት አታመጣልኝም?» አለችኝ።