ሕፃን ይዞ ወደ መካ፦ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን?

ሪያድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ለኡምራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚመርጠው ሐሙስ ማታን ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የሳምንቱን ዕረፍት እ.ኤ.አ. በ2013 ከሐሙስና ዓርብ ወደ ዓርብና ቅዳሜ ካዞረች ወዲህ ሐሙስ ማታ የመንገደኛ ሌሊት ሆኗል። አባት ከሥራ ይመለሳል፤ እናት የልጆቹን ቅያሪ፣ ዳይፐሩንና የፍል ውኃውን ፔርሙዝ ሸክፋ ትጠብቃለች፤ ኢሻ ተሰግዶ መኪናው ይነሣል። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ልጆቹ ተኝተው ያድራሉ፣ ጎሕ ሲቀድ ኢህራም የሚለበስበት ሚቃት ይደረሳል፣ ጁምዓ በሐረም ይሰገዳል።

ዕቅዱ ለወላጅ ይጥማል። ነገር ግን እንቅልፍ የተመደበው ለልጆቹ ብቻ ነው። መሪውን የያዘው አባት ሐሙስ ጧት 12 ሰዓት ላይ የነቃ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ሲሆን 21 ሰዓት ሳይተኛ ቆይቷል ማለት ነው። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች ከ17 እስከ 19 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ነገሮችን ለማየትና ለመወሰን የሚወስድበት ጊዜ፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚመሳሰል ካሳዩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኗል። በሕይወቱ መጠጥ ቀምሶ የማያውቅ አባት፣ ኢህራም ሊለብስ ጥቂት ሰዓት ሲቀረው፣ ሦስት ልጆች ከኋላ አስተኝቶ እንደ ጠጣ ሰው ይነዳል። በመኪና ወይስ በአውሮፕላን የሚለው ክርክር መጀመር ያለበት ከዚህ ነው።

ብዙ ቤት ውስጥ ግን የሚጀመረው ከገንዘብ ነው፤ ለዚህም በቂ ምክንያት አለ። በአውራ ጎዳና 40 ከሪያድ እስከ መካ 870 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ 91 የሚባለው ቤንዚን ሊትሩ በ2021 አጋማሽ 2 ሪያል ከ18 ሃላላ ላይ እንዲቆም ተደርጓል። በመቶ ኪሎ ሜትር 10 ሊትር የሚወስድ መኪና በዚህ ዋጋ ደርሶ መልሱን በ380 ሪያል አካባቢ ይጨርሰዋል። በረመዳን ወይም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ሰሞን የአምስት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በዚያ ላይ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2017 በእያንዳንዱ የቤተሰብ ጥገኛ ላይ የጣለው ወርኃዊ ክፍያ ከ100 ሪያል ተነሥቶ በ2020 ወደ 400 ደርሷል። ሚስትና ሦስት ልጆች ያሉት ሠራተኛ በዚህ ስሌት በዓመት 19,200 ሪያል ለመኖሪያ ፈቃድ (ለኢቃማ) ይከፍላል። አገር ቤት ልሂድ ቢል ለእያንዳንዱ ሰው የመውጫና መመለሻ ቪዛ ይጠብቀዋል። ለብዙ ቤተሰብ ወደ መካ በመኪና መሄድ የዓመቱ ብቸኛ የዕረፍት ጉዞ የሆነው ለዚህ ነው፤ እንዲህ የሚቆጥብን ሰው በስስታምነት መውቀስ ተገቢ አይደለም።

ሒሳቡ ትክክል ቢሆንም ጎደሎ ነው። በአየር መንገዶች አሠራር ሁለት ዓመት ያልሞላው ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ሆኖ በትንሽ ክፍያ ይሳፈራል፤ በዓለም አቀፍ በረራ የተለመደው ከአዋቂው ዋጋ 10 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ሕፃን ብቻ ያላቸው ባልና ሚስት እንግዲህ የሚገዙት የሁለት ሰው ወንበር ነው። ልጁ ሁለተኛ ዓመቱን ሲደፍን ግን የራሱን ወንበር ይፈልጋል፣ ዋጋውም ወደ አዋቂው ይጠጋል። ረጅም መንገድ ለሕፃን እጅግ የሚከብድበት ዕድሜና አውሮፕላን ለወላጅ እጅግ የሚረክስበት ዕድሜ አንድ ናቸው። ብዙ ቤተሰቦች የሚያደርጉት ግን ተቃራኒውን ነው፤ ልጁ ጨቅላ ሳለ በመኪና ይመላለሳሉ፣ ከፍ ሲልና መስኮት ላይ ተደግፎ መንገዱን ሊያይ ሲችል ትኬት ይቆርጡለታል።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚመጣው ፍርሃት ነው። ኢትዮጵያዊ ወላጅ የአውሮፕላን አደጋን በሩቅ የሚሰማው ወሬ አያደርገውም። መጋቢት 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነሥቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀው የበረራ ቁጥር 302 የ157 ሰው ሕይወት ቀጥፏል። የሪያድና የጅዳ መስመርም የራሱ ጠባሳ አለው፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 19 ቀን 1980 ከሪያድ ወደ ጅዳ የተነሣ የሳዑዲ አየር መንገድ አውሮፕላን እሳት ተነሥቶበት ተመልሶ ቢያርፍም በውስጡ የነበሩት 301 ሰዎች በሙሉ አልቀዋል። እንዲህ ያለው አደጋ አይረሳም። በመኪና የሚሞተው ግን አንድ ሁለት እየሆነ ስለሆነ ከቤተሰቡና ከሰፈሩ አልፎ አይሰማም።

ፍርሃቱ ሰውን ወደ የት እንደሚወስደው አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከመስከረም 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ትተው ወደ መኪና ዞሩ፤ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንሰር በቀጣዮቹ 12 ወራት በዚህ ምክንያት 1,500 ገደማ ሰዎች በተጨማሪነት በመንገድ ላይ እንደሞቱ ገምቷል። ከዚህም ይበልጥ ትንንሽ ልጆችን የሚመለከት ውሳኔ አለ። በ1989 ሱ ሲቲ ላይ በተከሰከሰ አውሮፕላን ውስጥ የነበረችው የበረራ አስተናጋጅ ጃን ብራውን፣ በጭን የሚያዝ ሕፃን ሁሉ የራሱ ወንበርና ማሰሪያ ይኑረው ብላ ለዓመታት ተሟገተች። የአገሪቱ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ግን በ2005 ግዴታ አላደርገውም አለ። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ወላጆች ለሕፃኑ ሙሉ ትኬት እንዲገዙ ከተገደዱ ከፊሎቹ በመኪና ይሄዳሉ፤ በመኪና ሲሄዱ ደግሞ በአውሮፕላን ከሚድኑት ልጆች የበለጡ በመንገድ ይሞታሉ። ጭን ላይ ያለ ማሰሪያ የሚበር ሕፃን እንኳ በአውራ ጎዳና ከሚጓዘው ይልቅ ከአደጋ የራቀ ነው ማለት ነው።

የሳዑዲ መንገዶች ከቀድሞው ብዙ ተሻሽለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከ100 ሺሕ ነዋሪ ከ28 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ እንደሚሞት ገምቶ ነበር፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራውና ቅጣቱ ከጠበቀ በኋላ በመንግሥት አኃዝ ወደ 13 አካባቢ ወርዷል። ቢሆንም ከሪያድ ወደ ጣኢፍ በሚወስደው መንገድ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 140 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ፍጥነት ለሁለት ሰከንድ ያሸለበ ሹፌር ዓይኑን ሲገልጥ 78 ሜትር ሄዷል። በአውቶቡስ የሚሄዱትም አላመለጡም። በጥቅምት 2019 መዲና አቅራቢያ 35፣ በመጋቢት 2023 ደግሞ በአሲር አቀበት 20 ያህል መንገደኞች ሞተዋል፤ ሁለቱም አውቶቡሶች ለኡምራ የወጡ ሰዎችን የጫኑ ነበሩ።

ለመንገዱ የሚሟገቱ ሰዎች የሚያነሡት ነገርም ሊሰማ ይገባል። መኪና ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ማንንም አያስቀይምም። ማደያ ላይ ቆሞ፣ የኋላ ወንበር ላይ ዳይፐር ቀይሮ፣ መስጊዱ ጎን ካለው በቃላ (ትንሽ ሱቅ) ጭማቂና ብስኩት ገዝቶ መቀጠል ይቻላል። ጣኢፍ ሲደረስ አየሩ ይለወጣል፤ ከተማው ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ አዲስ አበባ ላደገ ሰው ነፋሱ ራሱ ያውቀዋል። ከጣኢፍ ወደ መካ በሚወርደው በአልሐዳ ቁልቁለት መንገዱ ዳር ከነልጆቻቸው የሚቀመጡት ዝንጀሮዎች አዋሽ ቆላ ከሚኖሩት ጋር አንድ ዝርያ ናቸው። ሪያድ ተወልዶ አገሩን በስልክ ብቻ ለሚያውቅ ልጅ፣ እናቱ በመስኮት እያሳየች ስለ አዋሽ የምታወራለት ጨዋታ በአውሮፕላን አይገኝም።

በሌላ በኩል በመንገደኞች ዘንድ የተለመደው «የሕፃን ጆሮ አውሮፕላን አይችልም» የሚለው መከራከሪያ ብዙ አያስኬድም። ጆሮ የሚያመው አውሮፕላኑ ሲወርድ የአየር ግፊቱ ስለሚለወጥ ነው፤ በዚያን ጊዜ ሕፃኑ ጡት ወይም ጡጦ ከያዘ መዋጡ ጆሮውን ይከፍትለታል። ከአልሐዳ አናት ወደ መካ የሚወርደው መኪናም በአጭር ርቀት ከ1,500 ሜትር በላይ ስለሚወርድ፣ ያንኑ ጆሮ ያንኑ ያህል ይደፍነዋል፤ ጠመዝማዛው ደግሞ ትውከት ይጨምርበታል።

የኢህራም ጉዳይ ሁለቱን ጉዞዎች በእርግጥ ይለያቸዋል። በመኪና የመጣ ቤተሰብ ጣኢፍ አካባቢ በሚገኙት በአስ-ሰይል አልከቢር ወይም በዋዲ ማህረም ሚቃት ወርዶ፣ ታጥቦ፣ ለብሶ ይነሣል። በአውሮፕላን ሚቃቱ የሚታለፈው በአየር ላይ ነው። አብራሪው ሲያስታውቅ ያልለበሰ አባት በጠባቧ መጸዳጃ ቤት ፎጣውን ሲታገል፣ እናት ሕፃኑን አቅፋ ለሁለተኛው ልጅ የመርፌ ቁልፍ ስትፈልግ ይታያል። መፍትሔው አባት ቤት ሳለ መልበሱ ነው። ልጆቹን በተመለከተ ግን ጭንቀቱ ከንቱ ነው፤ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ኡምራም ኢህራምም ግዴታው አይደለም። በመዲናና በመካ መካከል ባለችው በረውሓእ አንዲት እናት ልጇን ወደ ነቢዩ ሙሐመድ አንሥታ ለእርሱ ሐጅ እንዳለው ስትጠይቅ፣ ለልጁ ሐጅ እንዳለውና እርሷም ምንዳ እንደምታገኝ ተነግሯታል፤ ሊቃውንቱ ግን ይህ ሲያድግ የሚጠበቅበትን ሐጅ እንደማይተካ ያስረዳሉ። እንግዲህ የሁለት ዓመት ልጅን ለጁምዓ ለማድረስ ሌሊቱን በ140 የሚያስነዳ ሃይማኖታዊ ምክንያት የለም። መንገደኛ ሶላት እንዲያሳጥር የፈቀደ ሃይማኖት መንገደኛው እንዲያርፍም ይፈቅዳል።

ጅዳ ከደረሱ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙ ቤተሰብ አያስብበትም። ከአዲስ አበባ የመጣውም ከሪያድ የበረረውም ከንጉሥ አብዱልአዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ መካ ለመድረስ አንድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል፤ አብዛኛውም ለሕፃን መቀመጫ የሌለው ታክሲ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተከፈተው የሐረማይን ፈጣን ባቡር ግን አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጣቢያ አለው። በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየተጓዘ 450 ኪሎ ሜትር በሆነው መስመሩ መካን፣ ጅዳንና መዲናን ያገናኛል፤ ሕፃን የያዘች እናት እየተነሣች ልጇን ልታንሸራሽር፣ መጸዳጃ ቤት ልትወስደው ትችላለች። ሪያድን ከጅዳ የሚያገናኝ የመንገደኛ ባቡር ግን የለም፤ ስለዚህ ለሪያድ ቤተሰብ ጥሩው ጥምረት እስከ ጅዳ አውሮፕላን፣ ከዚያ ባቡር ነው። መካ ሲደርሱ የሚጠብቃቸው ጠዋፍ አለ፤ በሶፋና በመርዋ መካከልም ሰባቱ ምልልስ ብቻውን ከ3 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እናት ያንን የምትሄደው ሕፃን አዝላ ነውና ጉልበቷ መንገድ ላይ ማለቅ የለበትም።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ አቋም እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ ቢችል ይብረር፤ ወንበሩ በሚረክስበት ወር ይሂድ እንጂ በረመዳን የመጨረሻ አሥር ቀናት ወይም በበጋው ሐሩር አይሂድ። በሰኔ 2024 ሐረም ላይ 51.8 ዲግሪ ሴልሺየስ ተመዝግቧል፤ ይህ ለአዋቂም የሚገድል ሙቀት ነው። የገንዘቡ ነገር መኪናን ግድ ካለ ዓርብ ጧት ተኝቶ የነቃ ሹፌር ይንዳ፤ በየሁለት ሰዓቱ ይቆም፤ ጣኢፍ ይደር፤ ዓርብና ቅዳሜ ካልበቁ አንድ ቀን ፈቃድ ይጠይቅ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ሴቶች መንዳት ስለተፈቀደላቸው መንጃ ፈቃድ ያላት እናት መሪውን ትጋራ። የሕፃን የመኪና መቀመጫ ይገዛ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ሞትን ቢያንስ በ60 በመቶ ሊቀንስ ይችላል የሚለው ዕቃ ነው፤ የሳዑዲ የትራፊክ ሕግም አለመጠቀሙን በገንዘብ ይቀጣል። የእናት ክንድ በግጭት ጊዜ ሕፃን መያዝ አይችልም።

ከሪያድና ከደማም የኡምራ አውቶቡስ የሚያዘጋጁ ወገኖችም ድርሻ አላቸው። አውቶቡሱ ሐሙስ ማታ የሚነሣው የሆቴል አንድ ሌሊት ለማትረፍ ነው፤ መንገዱ ላይ ሁለት ሹፌር እየተፈራረቀ ካልነዳ ያ ቁጠባ የሚከፈለው በመንገደኛው ደኅንነት ነው። የማኅበረሰቡ ኮሚቴዎችና የመስጊድ ጀማዓዎች ከአዘጋጁ ጋር ሲዋዋሉ ስንት ሹፌር እንዳለ፣ ቀበቶው እንደሚሠራ፣ ልጆች በራሳቸው ወንበር እንደሚቀመጡ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ መልስ የማይሰጥ አዘጋጅ ካለ ገንዘቡን ሳይከፍሉ ወደ ሌላው ይሂዱ።